የድመቷ ሐቅ

ድመት ማለት ከሰው ጋር በአንድ ጣራ ስር የምትኖር፣ ለመግባትም ሆነ ለመውጣት የማንንም ፈቃድ ጠይቃ የማታውቅ፣ አራት እግርና አንድ ጅራት ያላት ትንሽ እንስሳ ናት። የሃይማኖት ሕግ የሚያጠኑ የፊቅህ ሰዎች ስለ ንጽሕና በሚያወራው በጠሃራ ክፍል ውስጥ ያነሷታል። ምራቋ ንጹህ ነው፤ አፏን ያስገባችበት ውሃ ከሶላት በፊት ለሚታጠቡት ለውዱእ ይሆናል፤ ሰጋጅ ፊት ብታልፍ ሶላቱን አታበላሽም። እሷን አስሮ ማስራብ ከባድ ወንጀል እንደሆነም ከልጅነታችን ጀምሮ ሰምተናል። ስለ ድመት የተባለው ብዙ ነው። ለዛሬው ወጋችን የሚያስፈልገን ግን አንድ ጠባይዋ ብቻ ነው። ድመት ስለ ራሷ መመስከር አትችልም።

ስሟን ባልጠራው የማትቀየመኝ አንዲት የጥንት ከተማ ነበረች። ከገደል አፋፍ ላይ የተቀመጠች፣ ሦስት መስጊድና አንድ ገበያ ያላት፣ ጭጋግ የማይለያት ከተማ ናት። በዚያች ከተማ ሸህ ቡሽራ የሚባሉ ኪታብ ጠራዥ ይኖሩ ነበር። የተበተነውን ወረቀት በክር ይሰፋሉ፤ በሁለት ጣውላ መሃል አድርገው ድንጋይ ይጭኑበታል፤ ከዚያ ቀይ የተነከረ የፍየል ቆዳ ከስንዴ ዱቄት በተሠራ ሙጫ ያለብሱታል። እሳቸው የጠረዙት ኪታብ አባትና ልጅ አንብበውት ለልጅ ልጅ ይተርፋል ይባል ነበር።

አይጥ የስንዴ ሙጫ ይወዳል። ኪታቡ ቁርአን የሚተረጉም የተፍሲር ይሁን የዐረብኛ ሰዋስው የነሕው አይመርጥም። በመሆኑም ለከተማው አይጦች ከሸህ ቡሽራ ቤት የተሻለ መኖሪያ አልነበረም። አንድ ደንበኛቸው የተቦረቦረ ኪታቡን አገላብጦ አይቶ «ሸህዬ፣ እኔ ገና ሳልጀምረው አይጡ አኸተመው፤ ጨረሰው እኮ!» ብሏቸዋል። ሸህ ቡሽራ ይቅርታ ጠይቀው እንደገና ጠረዙለት። ድመት ግን አላመጡም። ይህ የሚገርመው ለእንግዳ ሰው ነው። የከተማው ሰው ምክንያቱን ያውቃል። ቢያንስ አውቃለሁ ይላል።

ምክንያቱን የሚያወሩት ጎረቤታቸው እትዬ ዘይቱና ነበሩ። አራስ ሊጠይቁ በሄዱ ቁጥር ከገንፎው ፊት ለፊት ተደላድለው ይቀመጡና ይጀምራሉ።

ከአርባ ዓመት በፊት የሸህ ቡሽራ ባለቤት እመት ሙሂባ የበኩር ልጃቸውን ወለዱ። ሙነወር አሉት። ልጁ ሦስት ወር ሲሞላው እመት ሙሂባ የታመሙ እናታቸውን ለመጠየቅ ወጡ፤ ልጁን ለአባቱ ትተው። ወደ ማምሻው፣ ከዐስር ሶላት በኋላ ሲመለሱ ልጁ መደብ ላይ ተኝቷል፤ የቤቱ ድመት ደረቱ ላይ ተጠቅልላለች። ልጁ አይተነፍስም። «የሙሂባን ጩኸት ሰምቼ መጀመሪያ የደረስኩት እኔ ነኝ» ይላሉ እትዬ ዘይቱና፤ «በእነዚህ ዓይኖቼ ነው ያየሁት። ትንፋሹን መጥጣዋለች!» አባትየው የት እንደነበሩ ሲጠየቁ «ሶላት ላይ ነበርኩ» አሉ። ሶላት ላይ የነበረን ሰው ከዚህ ወዲያ ማን ምን ይጠይቀዋል? እመት ሙሂባ «ከፊቴ ያጥፏት!» ብለው ጮኹ። ሸህ ቡሽራ ድመቷን ስልቻ ውስጥ ከተው፣ አፉን ኪታብ በሚሰፉበት ክር ቋጥረው፣ ከከተማው በታች ወዳለው ገደል ጣሏት።

የእትዬ ዘይቱና ወሬ እዚህ ላይ ያበቃል። ነገሩ ግን አላበቃም። ከዚያ ወዲህ በዚያች ከተማ አራስ ባለችበት ቤት ድመት ማሳደር ቀረ። በመጀመሪያዎቹ ዓመታት ድመቷን ለሌላ ሰው ይሰጧት ነበር። ኋላ ኋላ በስልቻ መጣሉ ቀለላቸው። ድመታቸውን በእጃቸው መጣል የከበዳቸው ወላዶች ወደ እመት ሙሂባ ያመጧታል፤ እሳቸው ልጅ ያጡ ናቸውና እጃቸው አይራራም። በአፋፉ አጠገብ የሚኖሩ ሰዎችም ቦታውን «የድመት መውረጃ» ብለው ጠሩት። ስሙ ሲጠራ ማንም አይስቅም፤ ማንም አይደነግጥም።

ሸህ ቡሽራ በቃላቸው የታወቁት ከዚያ ዓመት ጀምሮ ነው። ያላዩትን አይናገሩም። ከገበያ ሲመለሱ «ሰው ሞልቷል?» ቢሏቸው «እኔ በቆምኩበት በኩል ሞልቷል» ይላሉ። ኒካሕ ሲታሰር፣ የእርሻ ወሰን ሲያጣላ፣ አደራ ሲካድ የሚጠሩት እሳቸው ነበሩ። የከተማው ቃዲ ጀውሃር ሌላውን ምስክር ሁሉ ያስምላሉ፤ ሸህ ቡሽራን ግን «ይናገሩ» ብቻ ነው የሚሏቸው። አባቶች ልጆቻቸውን ሲገስጹ «እንደ ሸህ ቡሽራ ሁን» ይሉ ነበር። ሸህ ቡሽራ ይህን በሰሙ ቁጥር አንገታቸውን ደፍተው ያልፋሉ። ሰውም ይህን ትሕትና ብሎ በቀድሞው ላይ ጨመረላቸው።

ከሙነወር በኋላ አንዲት ሴት ልጅ ወልደው ነበር። አግብታ ቆላ ወረደች፤ እዚያው በንዳድ ሞተች። የዘጠኝ ዓመት ልጇ ረውዳ በነጋዴ በቅሎ ተጭና ወደ አያቶቿ መጣች። ረውዳ አታለቅስም፤ አታወራም። የተሰጣትን ቂጣ ግማሹን ትበላና ግማሹን ይዛ ትወጣለች። እመት ሙሂባ በእናቷ ስም ለድሃ የምትሰጥ መስሏቸው ተዉአት። ሦስተኛው ሳምንት ላይ ግን የልጅቱ ፊት ወዝ አወጣ፤ ሁለተኛ ቂጣም ጠየቀች። ሸህ ቡሽራ ቆዳ ከሚያስቀምጡበት ጎተራ ጀርባ አንዲት ጆሮዋ የተቀደደ ግራጫ ድመት ነበረች።

«እማማ፣ አንዲት ድመት አለች» አለች ረውዳ።

«ባለችበት ትኑር» አሉ እመት ሙሂባ።

«እዚህ ብትኖርስ?»

«እኔ በሕይወት እያለሁ ድመት ይህን ደፍ አያልፍም።»

«ማለፉንማ አልፋለች» አለች ረውዳ፤ «ሁለቴ።»

እመት ሙሂባ መጥረጊያውን አነሱ። ድመቷ ግን በዚያ ሰዓት ሌላ ጉዳይ ነበራት፤ አልተገኘችም። ረውዳ ወደ አያቷ ወደ ሸህ ቡሽራ ዞረች። እሳቸው መስፊያቸው ላይ አጎንብሰዋል።

«አባባ፣ ድመት ሐራም ናት?»

«አይደለችም።»

«ነጃሳ ናት?»

«አይደለችም። ጠሃራ ናት።»

«ታዲያ ለምን?»

«አያትሽ ትፈራታለች።»

«እርስዎስ?»

ሸህ ቡሽራ መርፌውን አስቀመጡ። «እኔም እፈራታለሁ» አሉ።

ረውዳ ሳቀች። ወደዚያ ቤት ከመጣች ለመጀመሪያ ጊዜ ነው የሳቀችው። አያቷ አልሳቁም።

እመት ሙሂባን ክፉ ሰው አድርገን እንዳንመለከታቸው። አንድ ልጅ በሦስት ወሩ፣ አንዲት ልጅ በሠላሳ ዓመቷ ቀብረዋል። በአርባ ዓመት ውስጥ ዐስር አዛን ሲል ቤት ውስጥ ተቀምጠው አያውቁም፤ ደጅ ወጥተው ይቆማሉ፤ ሶላቱ አብቅቶ ሰላምታው ሲሰጥ ይገባሉ። የቀረቻቸው ረውዳ ብቻ ናት። ድመቷን በአጥር ላይ ባዩዋት ቁጥር «ይህችንም ልትወስድብኝ ነው የመጣችው» ይሉ ነበር፤ ድምፃቸውን ሳያሰሙ።

በክረምቱ መግቢያ ረውዳን ያ የቆላ ንዳድ ተነሳባት። ሁለት ቀን ተንቀጠቀጠች። በሦስተኛው ቀን እመት ሙሂባ መደብ ላይ አስተኝተው፣ ጋቢ ደራርበውባት፣ ዐስር አዛን ሲል እንደ ልማዳቸው ደጅ ወጡ። ሸህ ቡሽራ መስጊድ ናቸው። እመት ሙሂባ ተመልሰው ሲገቡ ልጅቱ በዚያው መደብ ላይ ዓይኗን ጨፍና ተኝታለች። ደረቷ ላይ ግራጫዋ ድመት ተጠቅልላለች።

ጩኸቱ እስከ መስጊዱ ተሰማ። ሸህ ቡሽራ ጫማቸውን ሳያጠልቁ ሮጠው ሲደርሱ እመት ሙሂባ ድመቷን በማጅራቷ ይዘው ስልቻ ውስጥ እየከተቱ ነበር። ረውዳ ነቅታ ተቀምጣለች። «እማማ፣ ምንም አላደረገችኝም! በርዶኝ ነው፤ ታሞቀኛለች!» ትላለች። የሚሰማት የለም። እትዬ ዘይቱናም ደርሰዋል፤ ዛሬም ከጎረቤቱ ሁሉ ቀድመው።

«አላልኩም?» ይላሉ እትዬ ዘይቱና። «በአላህ፣ አላልኩም? በዚያው መደብ ላይ! በዚያው ሰዓት!»

እመት ሙሂባ ስልቻውን ለባላቸው ዘረጉ።  «አፉን ይሰሩልኝ» አሉ። «እንደዚያን ቀን አጥብቀው ይሰሩና ይጣሏት።»

ሸህ ቡሽራ ስልቻውን ተቀበሉ። ክሩ በወገባቸው ነበር፤ ጠራዥ ከክር አይለይም። ፈቱት። በስልቻው አፍ ላይ አንድ ጊዜ አዞሩት። ረውዳ «አባባ!» አለች፤ ትመለከታቸዋለች። ስልቻው በክንዳቸው ላይ ይሞቃል።

ክሩ ሁለተኛ አልዞረም።

«ሙሂባ፣ ተቀመጪ» አሉ ሸህ ቡሽራ።

«አልቀመጥም። ይሰሩልኝ።»

«ተቀመጪ። ያልሰጠሁት ምስክርነት አለብኝ። ዘይቱና፣ አንቺም አትሂጂ። ያኔም ነበርሽ።»

እትዬ ዘይቱና የመሄድ ሐሳብም አልነበራቸውም።

«ሙነወርን የገደለችው ድመቷ አይደለችም» አሉ ሸህ ቡሽራ። «አንቺ ስትወጪ መደብ ላይ አስተኛው ብለሽኝ ነበር። እኔ ግን ከዓይኔ እንዳይርቅ ብዬ ወደምሠራበት ወሰድኩት። ቆዳው ለስላሳ ነው፤ እሱ ላይ ጥሩ ይተኛ ነበር። የዚያን ዕለት ጠዋት እርጥብ ቆዳ መጥቶልኝ ግድግዳው ላይ አስደግፌ ከምሬዋለሁ። ከክምሩ ግርጌ አስተኛሁት። አዛን ሲል ተኝቷል። መስጊዱ ቅርብ ነው ብዬ ትቼው ሄድኩ። ስመለስ ክምሩ ተንዶ ፊቱ ላይ ነበር።»

 ስልቻው በክንዳቸው ላይ ተንቀሳቀሰ።

«አነሳሁት። አልተነፈሰም። መደብ ላይ አጋደምኩት። ከዚያ ወደ ጓሮ ወጣሁ፤ ለምን እንደወጣሁ እስከ ዛሬ አላውቅም። ድመቷ የመጣችው ያኔ ነው። አንቺም የገባሽው ያኔ ነው።»

«ሸህዬ፣ እኔ በዓይኔ አይቻለሁ እኮ!» አሉ እትዬ ዘይቱና።

«ዘይቱና፣ አንቺ ያየሽው እኔ ካስተካከልኩት በኋላ ነው።»

እመት ሙሂባ ተቀመጡ። «ሶላት ላይ ነበርኩ ብለውኝ ነበር» አሉ።

«ነበርኩ።»

«እውነት ነበር?»

«እውነት ነበር። ውሸት ቢሆን ኖሮ አንድ ቀን ያመልጠኝ ነበር። እውነት ስለሆነ ነው አርባ ዓመት የያዘልኝ።»

እመት ሙሂባ በአርባ ሁለት ዓመት ትዳራቸው ባላቸውን ከአንቱ አውርደዋቸው አያውቁም። አንጥፈው ሲያበሉም፣ ተቆጥተው ሲያኮርፉም፣ ልጅ ሲቀብሩም አንቱ ነበሩ። አሁን ቀና ብለው አዩዋቸው።

«ቆዳውንስ?» አሉ። «ስገባ ተከምሮ ነበር። መልሰህ የከመርከው አንተ ነህ?»

«እኔ ነኝ።»

«ልጄን ካነሳህ በኋላ?»

«ካነሳሁት በኋላ።»

«አስተካክለህ?»

«አስተካክዬ።»

እመት ሙሂባ ተነሡ። «ስልቻውን ስጠኝ» አሉ። ረውዳ ፊቷን በጋቢው ሸፈነች። እመት ሙሂባ አንድ ጊዜ የዞረውን ክር ፈትተው እጃቸውን ወደ ውስጥ ሰደዱ። ድመቷ ከክርናቸው እስከ መዳፋቸው ቧጥጣቸው ዘለለችና መደቡ ስር ገባች። ደሙን አዩት፤ አልጠረጉትም።

«ሐቋ ነው» አሉ።

በእኛ ዘንድ ሰው ሰውን ሲበድል «አፉ በለኝ» ይለዋል። የተበደለው «አፉ ብያለሁ» ካለ ጉዳዩ እዚህ ያልቃል፤ ካላለ ደግሞ ለፍርዱ ቀን ለቂያማ ይቆያል። ሸህ ቡሽራ በልጃቸው ልጅና በጎረቤታቸው ፊት ተንበረከኩና «ሙሂባ፣ አፉ በይኝ» አሉ።

«ሰባት ድመት በእጄ ገደል ጥያለሁ» አሉ እመት ሙሂባ። «አራሶቹ እያመጡልኝ። ክሩን የምትሰጠኝ አንተ ነበርክ፤ ሰባት ጊዜ። እኔ ለልጄ ደም የምበቀል እየመሰለኝ። የእኔን እሺ፣ አፉ ልበልህ እንበል። የእነዚያን ለእኔ ማን አፉ ይለኛል?»

ሸህ ቡሽራ እንደተንበረከኩ ቀሩ። 

«እኔስ» አሉ እትዬ ዘይቱና ወደ በሩ እያፈገፈጉ፤ «እኔስ ከእንግዲህ አራስ ቤት ምን ብዬ ላውራ?»

«የሰማሽውን» አሉ ሸህ ቡሽራ።

«ማን ይሰማኛል እንዲህ ብዬ?»

እትዬ ዘይቱና በዚህ ላይ ትክክል ነበሩ። በሚቀጥለው ጁሙዓ ሸህ ቡሽራ ከሶላት በኋላ በሦስቱም መስጊድ ሰዎች ፊት ተነስተው የሆነውን እንደሆነ ተናገሩ። ድመቷ ምንም እንዳላደረገች መሰከሩ፤ ከእንግዲህም ለምስክርነት እንዳይጠሩ ቃዲውን ለመኑ። በዚያች ከተማ የሸህ ቡሽራ ቃል ተጠርጥሮ አያውቅም። የዚያን ቀን ግን ያመናቸው ሰው አልተገኘም። ግማሹ «እርጅና ነው፤ የልጃቸው ሞት ነክቷቸዋል» አለ። ግማሹ ደግሞ «ይህ የአላህ ወዳጅ የወልይ ሥራ ነው፤ የእንስሳ ወንጀል በራሳቸው ላይ ይጭናሉ» ብሎ እጃቸውን ሊስም ተጋፋ። ሁሉም አልቅሶ ወጣ። በዚያው ሳምንት አንድ ወላድ ቤት ያለች ድመት በስልቻ ሆና ወረደች።

ከዚያ በኋላ ሸህ ቡሽራ ዐስር ሰግደው ወደ ቤት መመለስ ተዉ። ወደ ድመት መውረጃው ሄደው ድንጋይ ላይ ይቀመጣሉ። ስልቻ ይዞ የመጣ ሰው ሲያዩ ተነስተው «ለእኔ ስጠኝ» ይላሉ። ሰዎቹ ሸህ ቡሽራ ዱዓ አድርገው የሚጥሏት እየመሰላቸው ደስ ብሏቸው ይሰጡ ነበር። እሳቸው ፈትተው ይለቋታል፤ ወይም በጋቢያቸው ይዘዋት ይገባሉ። እመት ሙሂባ ለድመቶቹ ወተት ያስቀምጣሉ። ለባላቸው ምግብ ያስቀምጣሉ። «ብላ» ይሏቸዋል። ሌላ አይናገሩም።

ሁለት ክረምት እንዲህ አለፈ። በሦስተኛው ክረምት ሸህ ቡሽራ ሳል ያዛቸው። ቃዲ ጀውሃር ዝናብ በሚወርድበት ቀን ዣንጥላ ይዘው አፋፉ ድረስ ሄዱና አጠገባቸው ተቀመጡ።

«ሸህ ቡሽራ፣ ቤትዎ ይግቡ» አሉ ቃዲው። «ይሞታሉ።»

«ኢንሻአላህ።»

«እኔ አምኜዎታለሁ። ያን ዕለትም አምኜዎታለሁ። ግን ልንገርዎት። ልጁን ሆን ብለው አልገደሉትም። ወንጀሉ በእርስዎና በጌታዎ መሃል ነበር። እሱ ሸፍኖልዎታል። የሸፈነልዎትን ነውር ባሪያው መግለጥ አለበት ብሎ ያስተማረን ዓሊም የለም። ለምን ገለጡት?»



«እሱ ሸፍኖኝ ቢሆን ተሸፍኜ እሞት ነበር» አሉ ሸህ ቡሽራ። «እኔ ግን የተሸፈንኩት በሌላ ነፍስ ቆዳ ነው።»

ቃዲው ተነሡ። ዣንጥላውን ትተውላቸው ሄዱ። ሸህ ቡሽራ ዣንጥላውን ዘርግተው ያን ዕለት በተቀበሉት ስልቻ ላይ አኖሩት፤ ስልቻው ውስጥ ያለችው እስክትፈታ እንዳትረጥብ። እሳቸው ረጠቡ።

በአሥራ አንደኛው ቀን ሞቱ። በጀናዛው ላይ ከመሰገዱ በፊት ኢማሙ እንደ ልማዱ ሕዝቡን ጠየቁ፤ «በሸህ ቡሽራ ላይ ሐቅ ያለው ካለ ይናገር፤ ያለበለዚያ አፉ በሉ።» ሕዝቡ በአንድ ድምፅ «አፉ ብለናል» አለ። ሰው ወደ ቤት ተልኮ እመት ሙሂባም ተጠየቁ። እመት ሙሂባ ረውዳን አቅፈው መደቡ ላይ ተቀምጠው ነበር። 

«የእኔን አፉ ብያቸዋለሁ» አሉ። «የድመቷን አላውቅም። እሳቸውም አያውቁም ነበር።»

መልእክተኛው የመጀመሪያውን ዐረፍተ ነገር ብቻ ለኢማሙ አደረሰ።

ወንድሞቼና እህቶቼ፣ የሸህ ቡሽራን ንግግር እኔ ብዙ ጊዜ አስቤበታለሁ። አላህ ሰታር ነው፤ የባሮቹን ነውር ይሸፍናል። በዚህ ሁላችንም እንጽናናለን። ነገር ግን አንዳንዱ መሸፈኛችን ከሰማይ የወረደ አይደለም። እኛው ነን ያበጀነው፤ ከሌላው ስም፣ ከሌላው ዝምታ፣ አፍ ከሌለው ፍጥረት። እንዲህ ያለው መሸፈኛ ሞቅ ይላል። ብዙ ዓመትም ያገለግላል፤ በተለይ በእውነት ክር ከተሰፋ። ይህን ሸማ እኔም ሆንኩ እናንተ ለብሰነው ይሆናል። ሰው አፉ ሊለን ይችላል፤ አላህ መሓሪ ነው። መናገር የማይችለው ግን አፉ ልበልህ ብሎ አይመጣም፤ ልንፈልገው የሚገባን እኛ ነን። ሸህ ቡሽራ አርባ ዓመት ዘግይተው ፈለጉት። ያገኙት ይሁን አይሁን የሚታወቀው በዚያኛው ዓለም ነው። ተውበታቸውን አላህ ይቀበላቸው።

እትዬ ዘይቱና ከዚያ በኋላ ሁለት አራስ ቤት እውነተኛውን ታሪክ አወሩ። ሰሚ ሲያዛጋባቸው ወደ ቀድሞው ተመለሱ። በከተማዋ አሁንም የሚነገረው የቀድሞው ነው።

ጆሮዋ የተቀደደችው ግራጫ ድመት ከሸህ ቡሽራ በኋላ ስድስት ዓመት ኖረች፤ በረውዳ እግር ስር፣ በዚያው መደብ ላይ። በእነዚህ ዓመታት ውስጥ አይጥ ስትይዝ አይቻለሁ ብሎ የመሰከረ ሰው የለም።